አሬስተር ብቻውን መስመር አያድንም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጉዳዩ፦ በአዲስ አበባ ዙሪያ በሚያልፉ ከፍተኛ ቮልቴጅ መስመሮች ላይ የቮልቴጅ መናርን ስለመከላከል

የበልግ ደመና መሰብሰብ ሲጀምር ከሰበታ እስከ ለገጣፎ ባለው የከተማችን ዳርቻ መብራት ብልጭ ድርግም ማለቱ የተለመደ ሆኗል። ነዋሪው «መብረቅ ነው፣ ከፈጣሪ ጋር ምን ሙግት አለ» ብሎ ይተወዋል። ነገሩን ትንሽ የሚያውቀው ደግሞ «ማከፋፈያ ጣቢያው ላይ አሬስተር ይጨመር» ይላል፤ አሬስተር የናረ ቮልቴጅን ወደ መሬት የሚያወርድ መከላከያ ዕቃ ነው። በመስመርና በማከፋፈያ ጣቢያ ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች ሁለቱንም አንቀበልም። መብረቁን ማስቀረት ባይቻልም መብረቅ በመታ ቁጥር መስመሩ ትሪፕ እንዳያደርግ (በራሱ እንዳይቋረጥ) ማድረግ ይቻላል። አሬስተር የመጨረሻው ዘብ ነው፤ አጥሩ የሚጀምረው ብዙ ሰው ዞር ብሎ ከማያየው ቦታ፣ ከማማው እግር ሥር ነው።

አስቀድመን አንድ መምታታት እንፍታ። በየቤቱ ቴሌቪዥንና ፍሪጅ ሲቃጠል ጣት የሚቀሰረው በትልቁ መስመር ላይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ እዚያ አይደለም። በሠፈሩ ትራንስፎርመርና በቤቱ መካከል ያለው የኒውትራል (መላሽ) ሽቦ ሲላላ ወይም ሲበጠስ፣ 220 ቮልት ይደርሰው የነበረ ቤት እንደ ጎረቤቶቹ ጭነት እስከ 380 ቮልት ሊመጣበት ይችላል። ይህ የዝቅተኛ ቮልቴጅ መስመር ጥገና ጉዳይ ነው፤ መድኃኒቱም የኒውትራሉን ማያያዣ ማጽዳት፣ ማጥበቅና ያረጀውን መለወጥ ነው። እኛ የምንጽፈው ስለ 132፣ 230፣ 400 እና 500 ኪሎ ቮልት መስመሮች ነው።

በእነዚህ መስመሮች ላይ ቮልቴጅ የሚንረው በሦስት መንገድ ነው። መብረቅ የሚያመጣው ንረት በአንድ ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ጫፍ ላይ ደርሶ በ50 ማይክሮ ሰከንድ ውስጥ በግማሽ ይወርዳል። ብሬከር (መስመሩን የሚያገናኝና የሚያቋርጥ ትልቅ ማብሪያ ማጥፊያ) ሲዘጋና ሲከፈት የሚፈጠረው ዘገም ያለ ነው፤ ጫፉ ላይ ለመድረስ 250 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ይወስዳል። ሦስተኛው በዚያው በ50 ኸርዝ የሚመጣው ነው፤ ከሰከንዶች እስከ ሰዓታት ይቆያል፤ መነሻውም ጭነት ማጣት ወይም የምድር ንክኪ ነው። አሬስተር የተሠራው ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ነው። ሦስተኛውን እንዲሸከም ከተተወ በዚንክ ኦክሳይድ ብሎኮቹ ውስጥ ከረንት ሳያቋርጥ ያልፋል፣ ብሎኮቹ ይሞቃሉ፣ በሞቁ መጠን የበለጠ ያሳልፋሉ፣ መጨረሻው መፈንዳት ነው። «አሬስተር ይጨመር» የሚለው ምክር ከግማሽ በላይ የሚስተው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ማማው እግር። መብረቅ ከላይ በተዘረጋው የመከላከያ ሽቦ ወይም በማማው ራስ ላይ ሲያርፍ ወደ መሬት የሚወርደው በማማው ብረት በኩል ነው። መሬቱ በቀላሉ ካልተቀበለው የማማው የራሱ ቮልቴጅ ሽቅብ ይዘላል፤ ያኔ ብልጭታው ከማማው ወደ ፌዝ ሽቦው (ኃይል ወደተሸከመው ሽቦ)፣ ሽቦውን ከማማው በሚለዩት ስኒዎች ላይ ተገላብጦ ይሻገራል። ሒሳቡ ቀላል ነው። የ30 ኪሎ አምፔር መብረቅ ማማውን መታ እንበል፤ ከዚህ ውስጥ 10ሩ በመከላከያ ሽቦው ወደ ጎረቤት ማማዎች ቢሄድ 20 ኪሎ አምፔር በዚያው ማማ ይወርዳል። የእግሩ ሬዚስታንስ (ከረንት ወደ መሬት እንዳይገባ የሚያግደው መጠን) 10 ኦም ከሆነ ማማው 200 ኪሎ ቮልት ላይ ይወጣል። 50 ኦም ከሆነ 1,000 ኪሎ ቮልት ይደርሳል። በ132 ኪሎ ቮልት መስመር ላይ የሚሰቀል የ10 ስኒ ሰንሰለት በባሕር ወለል ላይ 900 ኪሎ ቮልት ገደማ የሆነ የመብረቅ ግፊት ይቋቋማል። እኛ ያለነው ግን በባሕር ወለል ላይ አይደለም።

ሆለታ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሱሉልታ ከዚያም ትበልጣለች። አየር ሲሳሳ ኤሌክትሪክን የመከልከል አቅሙም አብሮ ይሳሳል። በ2,400 ሜትር ላይ ያ 900 ኪሎ ቮልት ወደ 670 ይወርዳል፤ ስለዚህ 50 ኦም ያለው ማማ ያለ ጥርጥር ብልጭታ ያሻግራል። የዕቃ አምራቾች የሚሰጡት የመቋቋም ቁጥርም እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ የሚያገለግል ነው። ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ሜትር ማካካሻ ይፈለጋል፤ በ2,400 ሜትር ማካካሻው 1.19 ገደማ ነው። ሰሌዳው ላይ 650 ኪሎ ቮልት የተጻፈበት ዲስኮኔክተር (መስመር መለያ) ወይም ቡሺንግ (ሽቦው ወደ ትራንስፎርመሩ የሚገባበት ሸክላ)፣ የውጭ ሽፋኑ እኛ ዘንድ የሚቋቋመው 548 ያህል ብቻ ነው። የትራንስፎርመሩ ውስጠኛ ክፍል በዘይት ውስጥ ስለሆነ ከፍታው አይነካውም፤ ከውጭ ያለውን ሸክላ ግን ይነካዋል። ጨረታ ሲዘጋጅ ከፍታውን በቁጥር ሳይጽፉ ዕቃ ማዘዝ ችግሩን በገንዘብ መግዛት ነው።

በዙሪያችን ሁለት ዓይነት መሬት አለ። አቃቂና የሱሉልታ ሜዳ ዋልካ ነው፤ የእንጦጦ፣ የፉሪና የየረር ወገብ ድንጋይ ነው። ዋልካ ሲርስ ከረንትን በደንብ ይቀበላል፤ በበጋ ግን ይሰነጣጠቅና ከመሬት ካስማው ይለያል፣ በመካከላቸው አየር ይገባል። በነሐሴ ጥሩ ቁጥር ያሳየ ማማ በየካቲት ብዙ እጥፍ ሊያሳይ የሚችለው ለዚህ ነው። የመጀመሪያው ነጎድጓድ ደግሞ የሚመጣው ልክ መሬቱ በደረቀበት ሰዓት ነው። በድንጋያማው መሬት ላይ ያለው ችግር ሌላ ነው። 3 ሜትር ርዝመትና 16 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አንድ ካስማ፣ ሬዚስቲቪቲው (የአፈሩ የራሱ ከረንት የማገድ ባሕርይ) 100 ኦም ሜትር በሆነ አፈር ውስጥ 33 ኦም ገደማ ይሰጣል። 1,000 ኦም ሜትር በሆነ ድንጋያማ መሬት ውስጥ ያው ካስማ 335 ኦም ይሆናል። እዚያ ካስማ መደርደር ድካም ብቻ ነው።

የሚያዋጣው ሽቦ መቅበር ነው። ከአራቱ የማማ እግሮች በአራት አቅጣጫ እያንዳንዱ 50 ሜትር የሆነ፣ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጋልቫናይዝድ ብረት በ60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይቀበራል። በ1,000 ኦም ሜትር መሬት ላይ አንዱ ብቻውን 40 ኦም ገደማ ሲሰጥ አራቱ ተባብረው ወደ 12 ኦም ያወርዱታል። የእርሻ ማሳ ከሆነ ጥልቀቱ ከ80 ሴንቲ ሜትር ማነስ የለበትም፤ ትራክተር ይነቅለዋል። ሽቦውን አንድ ላይ አስረዝሞ 200 ሜትር መጎተት ግን ስሕተት ነው። መብረቅ ፈጣን ስለሆነ የረዥም ሽቦ ኢንዳክታንስ (ፈጣን ለውጥን የመቃወም ባሕርይ) ያግደዋል፤ ከ60 እና 80 ሜትር በኋላ ያለው ርዝመት ለመለኪያው እንጂ ለመብረቁ አይጠቅምም። ብዙ አጭር ከአንድ ረዥም ይሻላል።

በካስማ ዙሪያ ጨውና ከሰል መሙላት በየቦታው የሚታይ ልማድ ነው። ለአንድ ክረምት ያምራል። ጨው ግን በዝናብ ታጥቦ ይሄዳል፤ እስኪሄድ ድረስም ብረቱን ይበላል። ቤንቶናይት የሚባለው የሸክላ አፈር ግን ውሃ ይይዛል፣ ብረት አያዝግም፤ ዋጋው ከፍ ቢልም በየሁለት ዓመቱ ጉድጓድ ከመክፈት ያድናል። ካስማውን ከማማው ጋር የሚያገናኘው ብሎን ላይ ደግሞ ቀለም ሲቀባ እናያለን። ብረት ከብረት ጋር የሚገናኝበት ፊት በሽቦ ብሩሽ ጸድቶ መጥበቅ፣ ቀለሙም ከጠበቀ በኋላ ከውጭ ብቻ መቀባት አለበት።

ዛሬ በከተማችን ዳርቻ ያለው ትልቁ ጠላት ቁፋሮ ነው። በቡራዩ፣ በሰበታና በለገጣፎ በኩል ማማዎቹ ሲተከሉ እርሻ መካከል ነበሩ፤ አሁን አጠገባቸው ቤት ይሠራል፣ የውሃ ቱቦ ይቀበራል፣ የድንጋይ ካባ ይከፈታል። ስካቫተሩ የተቀበረውን ሽቦ ሲቆርጥ መብራት አይጠፋም፣ ማንም አይደነግጥም። ጉዳቱ የሚታወቀው ከወራት በኋላ በመጀመሪያው ነጎድጓድ ነው፤ ያኔ ደግሞ መብረቁ ይወቀሳል። ስርቆቱም እንዲሁ ነው። የማማ አንግል ብረት ሲሰረቅ ማማው ይዳከማል፤ የመሬት ሽቦው ሲሰረቅ ማማው ቆሞ ይታያል፣ መብረቅን ወደ መሬት የሚያወርድበት መንገድ ግን የለውም። ስለዚህ ከመሬት በላይ መዳብ አይታይ፤ ጋልቫናይዝድ ብረት ይሁን፣ መገናኛውም በብየዳ ሆኖ በኮንክሪት ይሸፈን።

ልኬቱ ራሱ ብዙ ጊዜ ይዋሻል። የመከላከያው ሽቦ ማማዎቹን ሁሉ ስለሚያያይዛቸው፣ ተራ ሜገር (የመሬት ሬዚስታንስ መለኪያ) የሚያነበው የአንዱን ማማ ሳይሆን በአጠገቡ ያሉትን ሁሉ በአንድነት ነው። 60 ኦም ያለው ማማ 3 ኦም ሆኖ መዝገብ ላይ ሊሰፍር ይችላል። ትክክለኛው መንገድ በ25 ኪሎ ኸርዝ ገደማ የሚሠራ መለኪያ መጠቀም ነው፤ በዚህ ፍጥነት የመከላከያው ሽቦ ኢንዳክታንስ ጎረቤቶቹን ያገላቸዋል። ያ መለኪያ ከሌለ መስመሩ ከኃይል ወጥቶና ከመሬት ጋር ታስሮ የመከላከያው ሽቦ ከማማው ይለያል። አንድ እግር ላይ የሚታሰር ክላምፕ መለኪያ አራት እግር ባለው ማማ ላይ አይታመንም፤ የሚያነበው በሌሎቹ ሦስት እግሮች የሚዞረውን ነው። ቀኑ፣ የአፈሩ እርጥበትና የመለኪያው ዓይነት ከቁጥሩ ጎን ካልተጻፈ ቁጥሩ ብቻውን ትርጉም የለውም።

ምንም ቢደረግ ከ20 እና 30 ኦም የማይወርድ ማማ ይኖራል። በዚያ ላይ በስኒው ጎን የመስመር አሬስተር ይሰቀላል፤ ሲበላሽ መስመሩን እንዳይዝ ከመስመሩ የሚነጥለው ዲስኮኔክተር ይኖረዋል። ሁሉም ማማ ላይ መስቀል ግን ብክነት ነው። ልኬቱ ከተሠራ የትኞቹ እንደሆኑ ይታወቃል።

ማከፋፈያ ጣቢያው ውስጥ ያለው አሬስተር ከትራንስፎርመሩ የሚርቅበት እያንዳንዱ ሜትር ዋጋ አለው። በ132 ኪሎ ቮልት ሥርዓት 120 ኪሎ ቮልት ተብሎ የሚታወቀው አሬስተር በ10 ኪሎ አምፔር ሲፈተን ቮልቴጁን 300 ኪሎ ቮልት ገደማ ላይ ይይዛል። ነገር ግን አጠገብ የወደቀ መብረቅ በማይክሮ ሰከንድ 1,000 ኪሎ ቮልት እየጨመረ ሲመጣ፣ ሞገዱ ትራንስፎርመሩ ጋ ደርሶ እስኪመለስ ድረስ ቮልቴጁ ይወጣል። 30 ሜትር ርቀት 200 ኪሎ ቮልት ይጨምራል። አሬስተሩን ከመሬት የሚያገናኘው ሽቦ ደግሞ ለአንድ ሜትር 10 ኪሎ ቮልት ያህል ይጨምራል፤ ተጠማዝዞ 5 ሜትር ከሆነ 50። ተደምሮ 550 ደረሰ፤ ትራንስፎርመሩ 650 ተብሎ የተፈተነ ቢሆን እንኳን የሚፈለገው የ15 በመቶ ትርፍ ሲታሰብለት (650 ለ1.15 ሲካፈል) 565 ነው የሚቀረው። ስለዚህ አሬስተሩ ወደ ቡሺንጉ ይቅረብ፣ ሽቦው አጭርና ቀጥ ያለ ይሁን፣ የመሬት ጫፉም ከትራንስፎርመሩ ታንክ ጋር በአንድ ነጥብ ይገናኝ። ያን ያህል ጉልበት ያለው ሞገድ የሚመጣውም በአብዛኛው ከጣቢያው እስከ 2 ኪሎ ሜትር ካሉት ማማዎች ነው። የእነሱ እግር መጥፎ ከሆነ የጣቢያው አሬስተር ከአቅሙ በላይ ይጠየቃል።

አሬስተሩ 120 የሆነው ደግሞ በምክንያት ነው። የሥርዓቱ ከፍተኛ ቮልቴጅ 145 ኪሎ ቮልት ነው፤ በአንድ ፌዝ ሲሰላ 84 ይሆናል። ኒውትራሉ በደንብ መሬት ላይ በታሰረ ሥርዓት አንዱ ፌዝ ምድር ሲነካ ጤነኞቹ እስከ 1.4 እጥፍ፣ ማለትም 117 ይደርሳሉ። የትራንስፎርመር ኒውትራል ተለቅቆ ቢተውና ያ ክፍል ብቻውን ቢቀር ግን 1.73 እጥፍ ይሆንና 145 ላይ ይወጣል፤ አሬስተሩ ይፈነዳል። በጥገና ጊዜ የኒውትራል ዲስኮኔክተርን ክፍት ትቶ መሄድ ትንሽ ስሕተት አይደለም።

የሌሊቱ ችግር ሌላ ነው። ረዥም መስመር ራሱ ካፓሲተር (ቻርጅ የሚያከማች ዕቃ) ነው፤ ጭነት ሲያጣ ቮልቴጁን ወደ ሩቁ ጫፍ ያስወጣዋል።  300 ኪሎ ሜትር ባዶ መስመር ጫፉ ላይ 5 በመቶ ይጨምራል፤ 600 ኪሎ ሜትር ግን 24 በመቶ። ከህዳሴ ግድብ እስከ ሆለታ የሚመጣው የ500 ኪሎ ቮልት መስመር 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ መሃል ላይ የዴዴሳ ጣቢያና ሪአክተሮች (የባዶ መስመርን ቮልቴጅ የሚያወርዱ ጥቅልሎች) ባይኖሩ ባዶውን ሲነሳ ሆለታ ላይ ወደ 620 ኪሎ ቮልት በደረሰ ነበር፤ የዕቃዎቹ ጣሪያ ግን 550 ነው። እንዲህ ያለ መስመር በኪሎ ሜትር 1 ሜጋቫር ገደማ ሪአክቲቭ ኃይል (ቮልቴጅን የሚያስወጣ እንጂ ሥራ የማይሠራ ኃይል) ያመነጫል፤ 300 ኪሎ ሜትሩ 300 ሜጋቫር ነው፣ ከዚህም በተለምዶ ከ60 እስከ 80 በመቶው በሪአክተር ይዋጣል። በ400 ኪሎ ቮልት ላይ ደግሞ ጣሪያው 420 ብቻ ነው፣ 5 በመቶ። ሰበታን፣ ሱሉልታንና አቃቂን የሚነኩት የዚህ ደረጃ መስመሮች ናቸው፤ ለስሕተት ቦታ የላቸውም።

ስለዚህ መስመር ሲነሳ ቅደም ተከተሉ አይዛባ። መጀመሪያ የመስመሩ ሪአክተር መያያዙ ይረጋገጥ። ቀጥሎ የላኪው ጣቢያ ቮልቴጅ ይውረድ፤ 300 ኪሎ ሜትር ላለው የ400 መስመር ከ400 በላይ ሆኖ መዝጋት አይገባም። ከጠንካራው ጫፍ ይዘጋ፣ የሩቁ ጫፍ ቮልቴጅ ይነበብ፣ ከዚያ ሲንክሮናይዝ ሆኖ (ሞገዱ ከሌላው ጫፍ ጋር ገጥሞ) ጭነት ይውሰድ። ሲወጣ ደካማው ጫፍ ቀድሞ ይከፈት። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ጭነት ሲወርድ በቅድሚያ የካፓሲተር ባንኮች ይውጡ፣ ሪአክተሮች ይግቡ፣ ጄኔሬተሮችም ሪአክቲቭ ኃይል እንዲስቡ ይደረግ። ትይዩ መስመር ማውጣት የመጨረሻው አማራጭ ይሁን፤ ያን ጊዜ የቀረው ቢበላሽ ከተማው ይጨልማል። የቮልቴጅ ሪሌይም (ቮልቴጅ ሲንር ብሬከሩን የሚያዘው መቆጣጠሪያ) ሁለት ደረጃ ይኑረው፤ በተለምዶ 110 በመቶ ላይ ሲደርስ ጥቂት ሰከንዶች ጠብቆ፣ 140 በመቶ ላይ ሲደርስ በ100 ሚሊ ሰከንድ መስመሩን ይክፈት፣ ለሩቁ ጫፍም የመክፈት ትእዛዝ ይላክ።

ስለ ብሬከር ባጭሩ። መስመር ተከፍቶ ሲቀር ሽቦው ላይ ቻርጅ ይታሰራል፤ ወዲያው በተቃራኒ ፖላሪቲ ቢዘጋ ቮልቴጁ ከመደበኛው ጫፍ 3 እጥፍ ሊደርስ ይችላል። በ400 መስመር፣ በጣሪያው በ420 ሲሰላ፣ ይህ 1,029 ኪሎ ቮልት ነው፤ የዕቃዎቹ የተለመደ የመቋቋም ቁጥር ደግሞ 1,050፣ እሱም ከፍታችን ሳይቀነስለት። ከመዝጋት በፊት 400 ኦም ገደማ የሆነ ሬዚስተር ለ10 ሚሊ ሰከንድ የሚያስገባ ብሬከር፣ ወይም ሞገዱ ዜሮ ሲሆን ጠብቆ የሚዘጋ መቆጣጠሪያ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። በጥገና ጊዜ ሬዚስተሩ እውነት መግባቱ በጊዜ መለኪያ መረጋገጥ አለበት፤ ዘንጉ ከላላ ብሬከሩ ይዘጋል፣ ሬዚስተሩ ግን አይገባም፣ ማንም አያውቅም።

የምንጠይቀው ይህ ነው። የሸገር ከተማ ክፍለ ከተሞችና የሆለታ አስተዳደር ከማማ አጠገብ ቁፋሮ ሲፈቅዱ የተቀበረው ሽቦ የሚያልፍበትን ካርታ ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ይጠይቁ፤ ተቋሙም ካርታውን ይስጥ። ሽቦ የቆረጠ ቆፋሪ በዚያው ሳምንት ያሳውቅ፤ ማሳወቁ ቅጣት እንዳያመጣበትም ይደረግ፣ አለበለዚያ አፈር መልሶ ይሸፍነዋል። የአሬስተር ቆጣሪና የሊኬጅ ከረንት (በአሬስተሩ ውስጥ ዘወትር የሚያልፈው ጥቂት ከረንት) ንባብ በየወሩ ይመዝገብ። ልኬቱ የሚሠራው ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት መጀመሪያ፣ መሬቱ በደረቀበት ጊዜ ይሁን። የሚጀመርበትም ቦታ ግልጽ ነው፤ ከየማከፋፈያ ጣቢያው አጥር እስከ 2 ኪሎ ሜትር ያለው፣ በአንድ መስመር ስድስት ወይም ሰባት ማማ።

በከፍተኛ ቮልቴጅ መስመርና ማከፋፈያ ጣቢያ ሥራ ላይ ያሉ ባለሙያዎች
ሰበታ